በመዝሙረ ዳዊት 130 ላይ የተጻፈ ሐተታ፤ ብርሃንን መሻት ለነፍስ ዕረፍት ነውን ወይስ ሁከት

ከ15ቱ መዝሙረ መዓርግ መካከል ይህ ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው፤ ቍጥሩም ሦስት ብቻ ነው። ዳዊት በመጀመሪያው ቍጥር ልቡናው ትዕቢትን እንዳላደረ፥ ዓይኑም በኵራት እንዳልተመለከተ፥ ከዐቅሙ በሚያልፈው ምሥጢር ገብቶ እንዳልተመላለሰ በአምላኩ ፊት ይመሰክራል። በሁለተኛው ነፍሱን ጡት በጣለ ሕፃን ይመስላታል። በሦስተኛው ስለ ራሱ መናገሩን ትቶ እስራኤልን ሁሉ ወደ ተስፋ ይጠራል።

ከዚህ ቦታ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸው ዳዊት በመዝሙር 26 ከእግዚአብሔር የለመነው ነገር አንድ ብቻ መሆኑን፥ እርሱም በቤቱ ኖሮ ውበቱን መመልከት እንደ ሆነ ተናግሯል፤ በመዝሙር 41ም የነፍሱን ናፍቆት በተጠማ ዋላ መስሎታል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የሚሻ ሰው ሳያገኝ እንደማይቀር አስተምሯል። እንግዲህ በዚያ ወገን መሻት ከታዘዘ በዚህ ወገን ወደ ታላቁ ነገር አለመውጣት እንደ ምን ይመሰገናል? ብርሃንን የሚሻ ሰው ዕረፍት ያገኛልን? ወይስ መሻቱ ራሱ ዕረፍቱን ይነሣዋል? ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 1 መጨረሻ ጥበብ የጨመረ ሰው ኀዘንን እንደሚጨምር ማስተማሩ ጥያቄውን ያጸናዋል እንጂ አያቀለውም።

ነገሩም በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም፤ በየገዳሙና በየቤቱ የሚታይ ነው። አንዱ ሌሊቱን በስግደት ፈጽሞ ሲነጋ ከወንድሙ ጋራ በትንሽ ነገር ይጣላል። ሌላው ዕድሜውን ሁሉ መጽሐፍ ሲመረምር ኖሮ በእርጅናው ባዶ እጁን የቀረ መስሎት ይጨነቃል። ሦስተኛው ደግሞ አንዳች ሳይሻ፥ አንዳች ሳይጠይቅ፥ እንቅልፉም ሳይጐድልበት ይኖራል። ሦስቱን በውጭ ላያቸው ሰው ዕረፍት ያለው ሦስተኛው ብቻ ይመስላል።

የሕፃኑ ምሳሌ ሁለት ንባብ አለው። በዕብራይስጡ ንባብ ዳዊት ነፍሱን ጸጥ አሰኝቶ በእናቱ ዕቅፍ እንዳለ ጡት የጣለ ልጅ አድርጓታል፤ ሕፃኑ የዕረፍት ምሳሌ ነው። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ በመለሱት ግን ነገሩ የመሐላ መልክ አለው፤ ይኸውም ራሴን ሳላዋርድ ነፍሴን ከፍ ከፍ አድርጌአት ብገኝ ዋጋዬ ከእናቱ ጡት የተለየ ሕፃን ዋጋ ይሁን እንደ ማለት ነው። በዚህኛው ሕፃኑ የመከልከልና የልቅሶ ምሳሌ ነው። የግዕዙ መዝሙረ ዳዊት የተመለሰው ከግሪክ ነውና በግዕዝ የሚጸልይ ሰው ይህን ንባብ አጥብቆ ሊያስተውለው ይገባል።

ሁለቱ ንባቦች የሚጣሉ የሚመስሉት ሕፃን ጡት ሲያስጥሉት ላላየ ሰው ነው። እናት ልጇን ጡት ለማስጣል በወሰነችበት ቀን ጡቷን እሬት ትቀባለች። ልጁ እንደ ልማዱ ሊጠባ ይቀርባል፤ መራራውን ይቀምሳል፤ ፊቱን አጨማዶ ይጮኻል። ሌሊቱን አይተኛም፥ እናቱንም አያስተኛትም። የምትወደው እናቱ ጠላት የሆነችበት ይመስለዋል፤ ትናንት የሰጠችውን ዛሬ ስለ ምን እንደ ነሣችው አያውቅምና። ጥቂት ቀን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያው ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፥ ራሱን ወደ ደረቷ አስጠግቶ፥ ጡቷን ግን ሳይፈልግ ጸጥ ብሎ ይታያል። ቀድሞ ወደ እርሷ የሚመጣው ስለ ወተቱ ነበረ፤ አሁን የሚመጣው ስለ እርሷ ነው። የሰባው ሊቃናት ንባብ የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳያል፤ የዕብራይስጡ ንባብ ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀን ያሳያል። ሕፃኑ ግን አንድ ነው።

ወተቱ ምንድር ነው ቢሉ፤ በጸሎት ጊዜ የሚሰማ ጣዕም፥ እንባ፥ የልብ ሙቀት፥ የሌሊት ራእይ፥ ምሥጢር ተገለጠልኝ የሚያሰኝ ብርሃን ነው። ይህ ሁሉ ከእግዚአብሔር ሲመጣ መልካም ነው፤ ወተትም ለሕፃን መልካም እንደ ሆነ። አንድም ወተቱ ስለዚህ ሁሉ ከሰው የሚገኝ ምስጋና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 3 እነዚያን ምእመናን ገና ወተት የሚጋቱ ሕፃናት ያላቸው ዕውቀት ስላነሳቸው አይደለም፤ ዕውቀትና የመንፈስ ስጦታ ሞልቶላቸው ነበር። ምክንያቱን ሲናገር በመካከላቸው ያለውን ቅንዓትና ክርክር ይጠቅሳል። አንዱ የዚህ መምህር ደቀ መዝሙር ነኝ፥ ሌላው የዚያ ነኝ እያለ ይከራከር ነበርና። ወተት ፈላጊነትና ሁከት አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ዕረፍትን የሚነሣው መሻት ሆኖ አይደለም፤ የተሻው ነገር ሳይታወቅ መለወጡ ነው። ሰው እግዚአብሔርን ሊሻ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ብርሃኑን መሻት ይጀምራል፤ ከዚያም ብርሃን ያገኘ ሰው መባልን ይሻል። ስሙ አንድ ስለ ሆነ፥ ጾሙም ጸሎቱም ያው ስለ ሆነ፥ መለወጡን ራሱ ሻቹ አያውቀውም።

ታሪክ። ጳላድዮስ የተባለው ጸሐፊ በግብፅ ገዳማት ብዙ ዓመት ኖሮ ያየውንና የሰማውን ላውሶስ ለተባለው ለንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ በፈረንጆች አቈጣጠር በ420 ገደማ ጽፎለታል። በዚያ መጽሐፍ ዋሌንስ የተባለ የፍልስጥኤም ሰው ይገኛል። ይህ ሰው በበረሃ ብዙ ዘመን ኖሮ በሥጋው ድካም የበረታ ነበረ፤ ነገር ግን ትዕቢት ቀስ እያለ ገባበት። አንድ ሌሊት በጨለማ ቅርጫት ሲሰፋ መርፌው ወደቀበት። ቢፈልግ አጣው። በዚያን ጊዜ ጋኔን መብራት አበራለትና መርፌውን አገኘ። ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱ ግን ይህን የቅድስናው ምስክር አድርጎ ልቡን አሳበጠ።

ከዚህ በኋላ እንግዶች ለቤተ ክርስቲያን ጣፋጭ ምግብ አመጡ። ካህኑ መቃርስ ለየበኣቱ ከፍሎ ለዋሌንስም ላከለት። ዋሌንስ ያመጣለትን ወንድም ሰድቦ መታው፤ ለመቃርስም ከአንተ አላንስምና በረከት ልትልክልኝ አይገባህም የሚል መልእክት ሰደደ። መቃርስ እንደ ሳተ ዐውቆ በማግሥቱ ሊመክረው ሄደ፤ ወደ እግዚአብሔር እንዲለምንም ነገረው፤ እርሱ ግን አልሰማውም። ጋኔኑም ልቡ ፈጽሞ እንደ ተያዘለት ባየ ጊዜ በሌሊት በመድኃኔ ዓለም አምሳል ተገለጠ፤ መብራት የያዙ አንድ ሺህ መላእክት በምትሐት ታዩ፥ የእሳት መንኰራኵርም ታየ። ከእነርሱም አንዱ ቀርቦ ክርስቶስ በኑሮህ ደስ ስላለው ሊያይህ መጥቷልና ውጣና ስገድለት አለው። ዋሌንስም ወጥቶ ሰገደ። በማግሥቱ ማኅበሩ በተሰበሰቡበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፥ ዛሬ ክርስቶስን ስላየሁ ቍርባን አያሻኝም አለ። አባቶችም ይዘው በብረት አሰሩት፤ አንድ ዓመት በእስራት አቈይተው በጸሎትና ከትምክሕት በራቀ በጸጥታ ኑሮ ፈወሱት።

በዚህ ታሪክ የሚመረመር ነገር ብዙ ነው። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚታይ ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 11 ጽፏል፤ ይህን ዋሌንስም ሳያነበው አልቀረም። ማንበቡ ግን አላዳነውም። የብርሃኑ ሐሰትነት በብርሃኑ ላይ አልታወቀም፤ ሺህ መብራት ሺህ መብራት ነው። የታወቀው ምግቡን ባመጣው ወንድም ፊት ላይ ነው። ራእዩ ከመምጣቱ በፊት ጥፊው መጥቷል። መቃርስም ስለ ራእዩ አልጠየቀም፤ ገና አልታየምና። ስለ ጥፊው ሰምቶ ብቻ እንደ ሳተ ዐወቀ።

ዳግመኛ፥ ሰንሰለቱ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ጭካኔ ይመስላል፤ ማንም እንዲህ ያድርግ ተብሎ የሚመከርበት አይደለም። ነገር ግን አባቶች ከማኅበሩ አላባረሩትም፤ ራእዩንም ከእርሱ ጋራ ተቀምጠው ሊከራከሩበት አልወደዱም። ያሳጡት አንድ ነገር ነው፤ ታላቅ የመሆንን ወተት። ዋሌንስ እንደ ጮኸ መገመት አያስቸግርም። ከጩኸቱ በኋላ ግን ዳነ።

በዚያው በረሃ የተነገረ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይህ አጭር ነው። ለአንድ ወንድም ሰይጣን በብርሃን መልአክ አምሳል ታይቶ ገብርኤል ነኝ፥ ወደ አንተ ተልኬአለሁ አለው። ወንድም ግን ወደ ሌላ ሰው ተልከህ ይሆናል፥ እኔ የሚገባኝ አይደለሁምና ተመልከት አለው፤ ያም ወዲያው ጠፋ። ይህ መነኵሴ በክርክር አላሸነፈም። መናፍስትን የመለየት ጥበብ አለኝ አላለም። ወተቱን ስላልፈለገ ብቻ የመረዘው ጡት አልያዘውም።

ከጳንጦስ አገር ተነሥቶ በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ399 ዐርፏል። ስለ ሌላው ትምህርቱ ክርክር ቢኖርም የሐሳብን ጦርነት ከእርሱ አብልጦ የመረመረ በዘመኑ ጥቂት ነው። ስለ ጸሎት በጻፈው መጽሐፍ መላእክትን ወይም ክርስቶስን በሥጋ ዓይን ለማየት መመኘትን ይከለክላል፤ ምክንያቱም ይህን የሚመኝ ሰው ፈጽሞ አእምሮውን እስከ ማጣት ሊደርስ ስለሚችል ነው። ክፉ ሐሳቦችን ስምንት ብሎ ሲቈጥርም ከንቱ ውዳሴና ትዕቢትን በመጨረሻ አድርጓቸዋል። ስለ ምን ቢሉ፤ ሌሎቹ ሰውን በድካሙ ሲይዙት እነዚህ በትሩፋቱ ስለሚይዙት ነው።

ስለ መሰልቸት የጻፈው ደግሞ ከዚህ ጥያቄ ጋራ እጅግ ይቀርባል። ይህ በመዝሙር 90 የቀትር ጋኔን ተብሎ የተነገረው ነው። ኤዋግርዮስ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ መነኵሴውን እንደሚከብበው ይናገራል፤ በጥንቱ አቈጣጠር ነውና በኢትዮጵያ አቈጣጠርም ሰዓቱ ያው ነው። ፀሓይ የቆመች ታስመስላለች፤ ቀኑ አምሳ ሰዓት ያለው ይመስላል። ከዚያም መነኵሴው በኣቱን ይጠላል፤ ወንድሞች ፍቅር የላቸውም ይላል፤ እግዚአብሔርን ደስ ማሰኘት በሌላ ቦታ ይቀላል እያለ አገር ለመለወጥ ያስባል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፥ ይህ ጋኔን መሻትን አያስተውም፤ ያበዛዋል እንጂ። የተሻለ ቦታ፥ የተሻለ መምህር፥ የተሻለ መጽሐፍ ያሳየዋል። ያ ሰው ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከአባት ወደ አባት ሲዞር ሰዎች ትጉህ ይሉታል፤ እርሱም ራሱን ትጉህ ይለዋል።

እስከዚህ የተነገረውን ሰምቶ፥ እንግዲያውስ አለመሻት ይሻላል የሚል ቢኖር ስቷል። ቍስል ሳይድን ሰላም ነው የሚሉትን ነቢያት ኤርምያስ በምዕራፍ 6 ወቅሷቸዋል። ያ ከላይ የተነገረው ሦስተኛው ሰው፥ እንቅልፉ የማይጐድልበት፥ ዕረፍት ያለው ሆኖ አይደለም፤ ገና ያልራበው ስለ ሆነ ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃንም ወተቱ ሳይጓደልበት ሲቀር ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ዳዊት ግን ነፍሱን በዚህ አልመሰላትም። ሀብቱ ወይም ሹመቱ ወይም ጤናው በጐደለ ቀን የዚህ ሰው ሰላም ምን እንደ ነበረ ይታወቃል።

መልካሙን መሻት ለማየት የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ መመልከት ይገባል። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 እንደሚተርክ ይህ ሰው የንግሥቲቱ የህንደኬ ባለሟልና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ነበረ። ሹመቱ ሞልቶለት ሳለ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ከዚያም ሲመለስ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ የሚያነበውም አልገባውም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደነቃል። የመጀመሪያው፥ ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ ያ ሹም በእግሩ ሮጦ ለመጣ መንገደኛ አለማወቁን ሳያፍር መግለጡ ነው፤ በዚያም ላይ ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው። ሁለተኛውና የሚበልጠው በመጨረሻ ያለው ነው። ከተጠመቀ በኋላ የእግዚአብሔር መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባውም ዳግመኛ አላየውም። ይህ ታላቅ ተአምር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሠረገላውን መልሶ ፊልጶስን ፍለጋ ይዞር ነበር፤ ወይም እንዲህ ያለው ነገር እንዲደገምለት በዚያ ምንጭ ዳር ጐጆ ይሠራ ነበር። እርሱ ግን ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። መምህሩ ሄዶበት፥ ተአምሩ አልፎበት፥ ደስታው አልሄደበትም። ወደ ሥራውና ወደ ሹመቱ ተመለሰ። ጡት የጣለ ሕፃን ማለት ይህ ነው።

የገዳም መጻሕፍትን ያስተማሩ አባቶች የነፍስን ጕዞ በዐሥር መዓርግ ይቈጥሩታል፤ ሦስቱን ለንጽሐ ሥጋ፥ አራቱን ለንጽሐ ነፍስ፥ ሦስቱን ለንጽሐ ልቡና ይሰጣሉ። መጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ይኸውም ዝምታና ጸጥታ ማለት ነው። ቀጥሎ ልባዌ፥ ማስተዋል ነው፤ ከዚያ ጣዕመ ዝማሬ ነው። በንጽሐ ነፍስ ከሚቈጠሩት መካከል አንብዕ፥ ኵነኔ፥ ፍቅር ይገኛሉ። መላእክትን ማየትና ተሰጥሞ ብርሃን፥ ማለት በብርሃን ባሕር መስጠም፥ የሚቈጠሩት በመጨረሻዎቹ በንጽሐ ልቡና ውስጥ ነው።

ይህን ሥርዐት ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚያስደንቀው ግን ሳይታሰብ ይቀራል። ሰው ብርሃኑን ባገኘሁ ጊዜ ጸጥ እላለሁ ይላል፤ ጸጥታን የብርሃን ዋጋ አድርጎ ከላይ ይጠብቀዋል። አባቶች ግን ጸጥታን ከታች፥ በመጀመሪያው ደረጃ አኖሩት። እንግዲህ ዕረፍት የሚሻው ሰው ወደ ላይ ሲንጠራራ የሚፈልገውን በእግሩ ሥር ትቶት ይሄዳል። ዳግመኛም ፍቅር ከብርሃን በፊት ነው፤ ከባልንጀራው ጋራ ሳይታረቅ ብርሃንን የሚጠባበቅ ሰው ደረጃዎቹን ዘሎ ሊወጣ ይሞክራል። የዋሌንስ ውድቀት ይኸው ነው። መዝሙሩም መዝሙረ መዓርግ መባሉ ለዚህ የተስማማ ነው፤ በደረጃ የሚወጣ ሰው የሚዘምረው ስለ መውጣት ሳይሆን ዐቅምን ስለ ማወቅ ሆነ።

ደቀ መዛሙርትም በደብረ ታቦር ብርሃን አይተዋል። ሉቃስ በምዕራፍ 9 እንደሚናገረው እንቅልፍ ከብዶባቸው ነበር፤ ብርሃኑን የለመኑት እነርሱ አይደሉም። በታየ ጊዜም ዕረፍት ብቻ አልሆነላቸውም፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 17 በፊታቸው ወድቀው እጅግ እንደ ፈሩ ይናገራል፤ ጌታ ቀርቦ በእጁ ዳስሶ አስነሣቸው። ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ ሊኖር ወደደ፤ አልተፈቀደለትም። ወረዱ። ከተራራው ሥርም የታመመ ልጅ ያለው አባት ይጠብቃቸው ነበር። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ሊፈውሱት አልቻሉም፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ነበር። ከብርሃኑ በኋላ የተወሰዱት ወደዚያ ልጅ ነው።

ማር ይስሐቅ ለዚህ ሁሉ ምስክር ይሆናል። ይህ አባት ከቤተ ቀጥራዬ አገር የተወለደ፥ በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሶርያዊ ጸሐፊ ነው። የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ ከአምስት ወር በኋላ ግን ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ሄደ፤ በኋላም በራባን ሻቡር ገዳም ኖረ። ከንባብና ከምርምር ብዛት የተነሣ ዓይኑ ጠፋ ይባላል። እንግዲህ ከእርሱ አብልጦ የመረመረ ማን አለ? የሚያነቡትም ሁሉ ከመጽሐፉ የሚያገኙት የጸጥታ መዓዛ ነው። መመርመሩ ዕረፍቱን አልነሣውም፤ ብርሃንን የጻፈ ሰው የሥጋ ብርሃኑን አጥቶ አላጕረመረመም። ሹመቱን እንደ ተወ ሰምቶ እርሱን ለመምሰል የሚነሣ ባለ ሥልጣን ቢኖር ግን ቆም ብሎ ያስብ፤ ጃንደረባው ወደ ሹመቱ ተመልሷል፥ ደስታውም አልቀነሰም። ማር ይስሐቅ ሹመቱን የተወው ብርሃን ለመግዛት በዋጋ ሰጥቶት አይደለም።

ሥራን ትቶ ብርሃንን መሻት የሚያመጣውን በደብረ ሲና የነበረው አባ ስልዋኖስ በቀልድ መሳይ ነገር አስተምሯል። አንድ እንግዳ ወንድም መነኰሳቱ ሲሠሩ አይቶ ስለሚጠፋ መብል አትድከሙ፥ ማርያም በጎውን ዕድል መርጣለችና ብሎ ገሠጻቸው። ሽማግሌውም መጽሐፍ አሰጥቶ ባዶ በኣት ውስጥ አስገባው። ዘጠኝ ሰዓት በሆነ ጊዜ እንግዳው ለመብል ይጠሩኝ ይሆን እያለ በሩን ይመለከት ጀመር። የጠራው የለም። በመጨረሻ ወጥቶ ወንድሞች ዛሬ አልበሉምን ብሎ ጠየቀ። በልተዋል አለው። ስለ ምን አልጠራችሁኝም ቢል፥ አንተ መንፈሳዊ ነህና ይህ መብል አያሻህም፤ እኛ ግን ሥጋውያን ነንና መብላት ስለምንሻ እንሠራለን አለው። እንግዳውም ወድቆ ይቅርታ ለመነ። ሽማግሌው ማርያም ያለ ማርታ እንደማትሆን፥ ማርያምም በማርታ ምክንያት እንደ ተመሰገነች ነገረው።

የንስሐ አባት ለሆነ ካህን ይህ ነገር በየጊዜው ይመጣበታል። ባለ ጸጋ ወይም ባለ ሥልጣን፥ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ካህን የሆነ ሰው ቀርቦ፥ ይህን ያህል ዘመን ጾምሁ፥ ጸለይሁ፥ አነበብሁ፥ ልቤ ግን አላረፈም፥ ብርሃንም አላየሁም ይለዋል። ወዲያው ጾም መጨመር፥ ስግደት ማብዛት፥ ሌላ መጽሐፍ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ለተራበ ሕፃን ወተት ማብዛት ቀላል እንደ ሆነ። ማስተዋል ያለው አባት ግን አስቀድሞ ከራእዩ ውጭ ያለውን ይጠይቃል። ከማን ጋራ ተጣልተሃል? የሠራተኛህን ደመወዝ ከፍለሃልን? ቤተ ሰብህ ከጸሎትህ በኋላ ፊትህን ሊያዩ ይወዳሉን ወይስ ይሸሻሉ? ብርሃን ብታገኝ ለማን ልትነግር አስበሃል? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል፤ ያም ዝምታ የጽማዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ታላቁ አባ እንጦንስም በዚህ ተፈትኗል። ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ጥልቀት አስቦ፥ ስለ ምን አንዱ በሕፃንነቱ ይሞታል፥ ሌላው እጅግ ያረጃል፤ ስለ ምን አንዱ ይደኸያል፥ ሌላው ይበለጽጋል እያለ ጠየቀ። ጥያቄው የከንቱ ሰው ጥያቄ አልነበረም። የመጣለት ድምፅ ግን ይህን ማወቅ እንደማይጠቅመው፥ ይልቁን ራሱን እንዲጠብቅ የሚያዝ ነበረ። ሌላ ጊዜም ሽማግሌዎች ወደ እርሱ መጥተው የአንድ ንባብ ትርጓሜ ጠየቃቸው። እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ተረጐመ፤ ለሁሉም ገና አላገኛችሁትም አላቸው። በመጨረሻ ዮሴፍን ጠየቀው። ዮሴፍ አላውቅም ባለ ጊዜ እንጦንስ መንገዱን ያገኘ እርሱ እንደ ሆነ መሰከረለት።

አባ አርሳንዮስ ወደ በረሃ ከመሄዱ በፊት በንጉሡ በቴዎዶስዮስ ቤተ መንግሥት የልጆቹ የአርቃድዮስና የአኖርዮስ መምህር ነበረ። የሮማይስጥና የግሪክ ትምህርት የተመላ፥ በቤተ መንግሥትም የተከበረ ሰው ነው። በአስቄጥስ ሳለ አንድ ቀን ስለ ራሱ ሐሳብ አንድ የግብፅ ባላገር የሆነ ሽማግሌ መነኵሴ ሲጠይቅ ሌላ ወንድም አየውና ተደነቀ። አንተ ያን ያህል ትምህርት ያለህ፥ ይህን ባላገር ስለ ሐሳብህ ስለ ምን ትጠይቀዋለህ አለው። አርሳንዮስም የሮማውያንንና የግሪኮችን ትምህርት በእውነት ተምሬአለሁ፤ የዚህን ባላገር ፊደል ግን ገና አልቈጠርሁም ብሎ መለሰለት።